ቪትዝ ሚኒሞ ላይ ስትንቀጠቀጥ፦ ኮይል አቀያይሬ ያገኘሁት መፍትሔ

መኪናዋ ባለ 1 ሊትር ቪትዝ ናት፤ ሞተሯ 1ኬአር-ኤፍኢ፣ 996 ሲሲ፣ ባለ 3 ሲሊንደር። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲዞር) መሪው ሳይቀር ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት ላይ አቅም ታጣለች፣ ነዳጅ ሲረገጥ ደግሞ የሞተር መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ባለ 3 ሲሊንደር ሞተር በባሕርይው ትንሽ ይርገበገባል፤ ይሄኛው ግን ከዚያ ያለፈ ነበር። አንዱ ሲሊንደር ካልሠራ የአቅሙ ሲሶ ሄደ ማለት ነው።

ኮምፒውተር ሲደረግላት ፒ0302 የሚል የብልሽት ኮድ አወጣ፦ ሁለተኛው ሲሊንደር በትክክል አያቃጥልም። ጥፋቱ ከካንዴላ (እሳት ፈንጣቂው)፣ ከኮይል (ለካንዴላው ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው)፣ ከኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨው) ወይም ከኮምፕሬሽን (የሲሊንደሩ እመቃ) ሊሆን ስለሚችል ዕቃ ለመግዛት አልቸኮልኩም። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ የማስነሻ ቁልፉ ተዘግቶ፣ በባለ 10 መፍቻ የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ኮይል ፈትቼ አቀያየርኳቸው። የሶኬቱን መቆለፊያ ቀስ ብላችሁ ተጫኑት፤ ሙቀት ስለሚያደርቀው ቶሎ ይሰበራል። ኮዱን አጥፍቼ፣ ቆማ እንዳለች ሳስነሳት ጥቂት ቆይቶ ፒ0303 መጣ፤ አሁን የማያቃጥለው ሦስተኛው ሲሊንደር ሆነ ማለት ነው። ችግሩ ከኮይሉ ጋር አብሮ ሄደ! ያንን አንድ ኮይል ቀየርኩ፣ ሦስቱንም ካንዴላ አብሬ አደስኩ፤ መንቀጥቀጡ ቆመ።

ይህ ሞተር ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) የሚያዞረው በቺንጋ ሳይሆን በሰንሰለት ነው፤ ዘይቱ በጊዜው ከተቀየረለት ጠንካራ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ስለዚህ መንቀጥቀጥ ባያችሁ ቁጥር «ሞተሩ ይከፈት» ለሚላችሁ ቶሎ እሺ አትበሉ። መብራቱ ብልጭ እያለ ግን አትንዱ፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን የጭስ ማውጫውን ካታሊስት (ጭሱን የሚያጣራውን ክፍል) አግሎ ያበላሸዋል፣ እሱ ደግሞ ከኮይል እጅግ ይወደዳል።