ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የሣር ማጨጃ ማሽን ስትመርጥ

ደሴ ወይ ኮምቦልቻ ሆነህ የሣር ማጨጃ ማሽን ልትገዛ ካሰብክ ማሽን ወደሚሸጥበት ሱቅ ቀድመህ አትሂድ። መጀመሪያ የውሃ ፓምፕ መለዋወጫ የሚሸጥበት ግባ። "የየትኛው ሞተር ካርቡሬተር አለህ? ገመድ ማስነሻውስ?" ብለህ ጠይቅ። ካርቡሬተር ማለት ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ዕቃ ነው። የሚነግርህን የሞተር ስም ጻፍ። ማሽኑን የምትመርጠው ከዚያ ወረቀት ላይ ነው።

ይሄን የምለው በራሴ ስለደረሰ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ የአንድ እንግዳ ማረፊያ ግቢ የምንከባከበው እኔ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ሄጄ ቀለሙ ያማረ አንድ ማሽን ገዛሁ። ሻጩ "መለዋወጫው እንደ ልብ ነው" አለኝ፣ እኔም አመንኩት። ነሐሴ ላይ፣ ሣሩ ጉልበት ሲደርስ፣ ቢላው የተደበቀ ድንጋይ መታ። ኳ አለና ቀጥ። ከዚያ በኋላ ገመዱን ብስብ ብስብ እምቢ አለኝ፤ አንዳንዴ እንደውም ገመዱን መልሶ ከእጄ ይነጥቀኛል። የውሃ ሞተር የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ጋ ወሰድኩት። ቮላኖውን፣ ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረውን ከባድ ክብ ብረት፣ ነቀሉና ከጥፍር እምብዛም የማትበልጥ ብረት አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ወገቧ ላይ ተቆርጣ ልትለያይ ምንም አልቀራትም። "አብሽር ልጄ፣ ሞተርህ ደህና ነው። ይቺ ናት" አሉኝ።

ያቺ ብረት ቮላኖውን ከሻፍቱ፣ ቢላውን ከሚያዞረው ዘንግ፣ ጋር የምታቆልፈው ቁልፍ ናት። ከለስላሳ ብረት የምትሠራው ሆን ተብሎ ነው፤ ቢላው ድንጋይ ሲመታ ሻፍቱ ከሚጣመም እሷ ትቆረጥ ተብሎ። እሷ ከተንሸራተተች ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ ይዛባል፣ ሞተሩም አይነሳም። ርካሽ ዕቃ ናት። ግን የኔን ማሽን ቁልፍ ኮምቦልቻም ደሴም አጣኋት፣ ሻጩ ጋ ብደውልም "የለም" ሆነ መልሱ። ሲቸግረኝ ቶርኖ ቤት ከጠንካራ ብረት አስቀረጽኩ። ሞተሩ ተነሳ፣ ደስም አለኝ። ቀጣዩ ድንጋይ ሲመጣ ግን ቁልፏ አልቆረጥ አለችና ሻፍቱ ተጣመመ። ማሽኑ በዚያው አበቃ።

እንግዲህ መለዋወጫን በጅምላ "ይገኛል" ወይ "አይገኝም" ብለህ አትጠይቅ። ለይተህ ጠይቅ። በቁጥር የሚገዙ ዕቃዎች አሉ፤ ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚሽከረከርበት ቀለበት) 6202፣ 6203 ወይ 6204 ከሆነ የየትም ብራንድ ይሁን የሞተር ሳይክልም የባጃጅም ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ልታገኘው ትችላለህ፣ ቺንጋና ካንዴላም እንደዚያው። እዚሁ የሚሠሩ አሉ፤ እጀታው ቢሰበር ይበየዳል፣ ላሜራው ቢቀደድ ይለጠፋል፣ ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረቶች መሐል የሚገባው ማሸጊያ) ከወረቀቱ ተቆርጦ ይወጣል። እነዚህ አያስጨንቁህ። የሚያስጨንቁት ከአምራቹ ውጪ የማይመጡት ናቸው፦ ካርቡሬተሩ፣ እሳት ሰጪው ኮይል፣ ገመድ ማስነሻው፣ ቢላውን ከሻፍቱ ጋር የሚያያይዘው መያዣና ያቺ ቁልፍ። አምስቱንም ስም ጠርተህ ጠይቅ። ሻጩ "አዝዘን እናመጣለን" ካለህ የለም ማለት ነው። ሣር ትዕዛዝ እስኪደርስ አይጠብቅም።

ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር፣ በገላው ላይ የተጻፈው ስምና የሞተሩ ስም አንድ ላይሆን ይችላል። ገላውን አንዱ ይሠራል፣ ሞተሩን ከሆንዳ ወይ ከብሪግስ ኤንድ ስትራተን ወይ ከሎንሲን ይገዛል። አንተን የሚያሳስብህ የሞተሩ ስም ነው። ብሪግስ ከሆነ ብረቱ ላይ የተመቱ ሞዴል፣ ታይፕና ኮድ የሚባሉ ሦስት ቁጥሮች አሉት፤ ያለ እነሱ ትክክለኛውን ዕቃ ማዘዝ አትችልም። የቻይና ሞተር ከሆነ ብዙ ጊዜ ስሙ ራሱ ይናገራል፦ 168ኤፍ ሲል 68ቱ የፒስተኑ ስፋት በሚሊሜትር ነው፣ 1ፒ70 ሲል ደግሞ 70። ቁጥሩ ስቲከር ላይ ብቻ ከሆነና ብረቱ ላይ ምንም ካልተመታ ተጠራጠር።

ታዲያ የፓምፕ ሱቅ ለምን? ቆቦ ይሁን ሐይቅ፣ ገበሬው ውሃ የሚስብበት ትንሿ የቤንዚን ሞተር በአብዛኛው የሆንዳ ጂኤክስ 160 ወይ የእሱ ኮፒ ናት። ስለዚህ የትንንሽ ሞተር ዕቃም ባለሙያም ያለው እዚያ ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በል። የፓምፑ ሞተር ሻፍቱ ወደ ጎን ነው የሚወጣው፣ የሣር ማጨጃው ወደ ታች። ስለዚህ "ሆንዳ ነው፣ ይገጥማል" የሚልህን ዝም ብለህ አትመን። ካንዴላው ሊገጥም ይችላል፣ ሻፍቱና ካርተሩ (የሞተሩ የታችኛው ቤት) ግን አይገጥሙም። አሮጌውን ዕቃ በእጅህ ይዘህ ሂድና ጎን ለጎን አስተያይ።

ጥራትን በተመለከተ፣ እኛ አገር ከፍታውን መርሳት አይቻልም። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ነው፣ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500። የሞተር አምራቾች ራሳቸው በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ይቀንሳል ይላሉ። አስበው፣ 5.5 የፈረስ ጉልበት የተባለ ሞተር ደሴ ላይ ጦሳ ተራራ ሥር ሲቆም 4 እንኳን አይሞላም። አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑም ይበዛበታል፤ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። መፍትሔው ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችውን ቤንዚን የምትመጥን ቁራጭ በጠባብ ቀዳዳ መቀየር ነው። ደሴ የምትሠራ ከሆነ የዚያች ቁራጭ መኖርም ጥያቄህ ውስጥ ይግባ፣ ጉልበቱንም ከሚያስፈልግህ አንድ ደረጃ ከፍ አድርገህ ውሰድ። ማሽኑን በኋላ ቆላ ካወረድከው ቁራጯን ወደ ቀድሞው መልስ፣ አለዚያ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል።

ያገለገለ ማሽን ከሆነ ደግሞ ቸኩለህ ብር አትቁጠር። ስትደርስ ሞተሩን በመዳፍህ ንካው። ሞቆ ከጠበቀህ ቀድመው አስነስተውታል ማለት ነው፤ በቀዝቃዛ አልነሳ የሚል ማሽን የሚደበቀው እንዲህ ነው። ሻይህን ጠጥተህ እስኪበርድ ጠብቅ። ከዚያ ካንዴላውን ፍታ። ቡናማ ከሆነ ጥሩ፣ ደረቅ ጥላሸት ከሆነ የቤንዚን ነገር ነው፣ በዘይት ከራሰ ግን ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል። ካንዴላው እንደወጣ ማሽኑን አጋድመው፣ የአየር ፊልትሮው ወደ ላይ ይሁን፣ አለዚያ ዘይቱ ፊልትሮው ውስጥ ይገባል። አንድ ሰው ገመዱን ቀስ አድርጎ ይሳብልህና አንተ እጅህን አርቀህ ቢላው መሐል ያለችውን ቡሎን ተመልከት። ባለችበት ከዞረች ጤና ነው። እየተወዛወዘች ከዞረች ሻፍቱ ተጣሟል፣ በግማሽ ዋጋም ቢሰጡህ ጥለኸው ሂድ።

ግቢህ ዳገት ከሆነ፣ ደሴ ላይ መቼም ያልሆነ ግቢ የት አለ፣ ባለ ጎማውን ትተህ በትከሻ የሚታነገተውን አስብ። እዚያም ጥያቄው ያው ነው፣ የሚጨመረው ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀለው የዘይት ልክ ብቻ። ስቲልና ሁስክቫርና የሚባሉት አምራቾች በራሳቸው ዘይት ለ50 ቤንዚን 1 ዘይት ይላሉ፣ ለአንድ ሊትር 20 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ርካሾቹ ብዙ ጊዜ 25 ለ1 ይጠይቃሉ። መመሪያው ላይ ያለውን ያዝ እንጂ የጎረቤትህን ልክ አትገልብጥ።

ማሽኑን የገዛህ ዕለት፣ ሱቁ ውስጥ እንደቆምክ፣ ሁለት ካንዴላ፣ አንድ ፊልትሮ፣ የቢላ ቡሎን፣ የገመድ ማስነሻ ገመድና ሁለት የቮላኖ ቁልፍ አብረህ ግዛ። ሻጩ እዚያው ሱቅ ውስጥ እነዚህን ማውጣት ካቃተው ማሽኑን አትግዛው። እኔ አሁን ዕቃዎቹን በአንድ የወተት ዱቄት ጣሳ አድርጌ መጋዘን ውስጥ አስቀምጫለሁ፣ የሞተሩን ቁጥር ደግሞ በሩ ጀርባ ላይ በቀለም ጽፌዋለሁ፤ እኔ ባልኖርም ሥራውን የሚይዘው ልጅ ስልክ ደውሎ ቁጥሩን ማንበብ ነው የሚጠበቅበት።