ጮቄ ከመውጣታችሁ በፊት ዕቃችሁን ግቢ ውስጥ ፈትኑት

ጎጃም ውስጥ ከአባይ በረሃ ሐሩር ተነስቶ ጮቄ ተራራ ላይ በቆፈን ማደር ይቻላል። ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። ደብረ ማርቆስ 15 ዲግሪ ከሆነ፣ ከ4,000 ሜትር የሚያልፈው የጮቄ አናት ላይ 5 ዲግሪ ገደማ ጠብቁ፤ ንፋሱና ጉሙ ሳይታሰብ።

ብዙውን ሰው የሚያሳፍረው የዝናብ ጃኬቱ ነው። «ውሃ አያስገባም» የሚለውን ጽሑፍ ተዉትና ጃኬቱን ገልብጣችሁ ስፌቱን እዩ። ስፌቱ ላይ ስስ የፕላስቲክ ጥብጣብ ካልተለጠፈበት፣ ጨርቁ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ውሃው በመርፌ ቀዳዳው ይገባል። ከዚያ ጨርቁን እንደ ጎድጓዳ ሳህን ይዛችሁ ግማሽ ሊትር ውሃ አፍስሱበትና 20 ደቂቃ አቆዩት፤ ከሥሩ በመዳፋችሁ ጫን እያላችሁ ዳብሱ። መዳፋችሁ ከረጠበ አይሆንም። ካለፈ ደግሞ ለብሳችሁት፣ ትከሻችሁ ላይ ከውስጥ ሶፍት አድርጋችሁ፣ 8 ኪሎ የሚመዝን ቦርሳ አዝላችሁ ሻወር ሥር 10 ደቂቃ ቁሙ። የቦርሳው ማንገቻ የሚጫነው ቦታ ቀድሞ ያፈሳል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ሱቅ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ስለ ፍተሻው ተስማሙ።

ከጃኬቱ ሥር ጂንስ አትልበሱ። ጋቢም ቢሆን ደረቅ ሲሆን ነው ጋቢ፤ የራሰ ጥጥ የሰውነትን ሙቀት ይወስዳል። የሱፍ ባና ቢረጥብም በመጠኑ ያሞቃል፣ ክብደቱ ግን ቀላል አይደለም።

የሳልቫጅ ቦት ጫማ ስትገዙ ሶሉን በደንብ እጠፉት። ለዓመታት የተቀመጠ፣ ፖሊዩሬታን ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ሶል ከላይ አዲስ መስሎ ውስጡ ይፈረፈራል፤ ስንጥቅ ወይም ዱቄት ካያችሁ ተዉት። ልኩን ከሰዓት በኋላ፣ እግር ሲያብጥ፣ በወፍራም ካልሲ ለኩ።

የራስ ባትሪ ካርቶን ላይ የሚጻፈው ሰዓት ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው ብርሃኑ ወደ 10 ከመቶ እስኪወርድ ነው። ስለዚህ በአዲስ ድንጋይ አብርታችሁ፣ መንገድ ለማየት የሚበቃችሁ እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ ራሳችሁ መዝግቡ። ተራ የአልካላይን ድንጋይ ብርድ ያደክመዋል፤ ትርፉን የውስጥ ኪስ ውስጥ ያዙ። የጋዝ ላይተርም እንዲሁ፣ ውስጡ ያለው ቡቴን የሚባል ጋዝ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ በቀላሉ አይተንም። ፓወር ባንክ ላይ 10,000 ቢጻፍ፣ 5,000 ባትሪ ያለውን ስልክ አንድ ጊዜ ተኩል ገደማ ነው የሚሞላው። በኪስ የሚያዝ ሆኖ 50,000 የሚል ካያችሁ አትመኑት።

ጮቄ አናት ላይ ውሃ 87 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። በቀጫጭን ቱቦዎች የሚያጣራ ፊልተር ከያዛችሁ ሌሊት አብራችሁት ተኙ። አንዴ ውሃ ከነካው በኋላ ውስጡ በረዶ ከሠራ ቱቦዎቹ ይሰነጠቃሉ፤ ውሃው ግን እንደ ድሮው ጥርት ብሎ ስለሚወጣ ብልሽቱን በዓይን አታውቁትም።

«ታክቲካል» ተብሎ የሚሸጠው ላይ ብዙ አትጨነቁ፤ አንድ የማይታጠፍ ቢላ ይበቃል። ሬንጀር የሚመስል ዥጉርጉር ልብስና ቦርሳ ግን ጎጃም ውስጥ አታድርጉ፤ ከሩቅ ታጣቂ ያስመስላል። ብርቱካናማ ወይም ቀይ ግዙ፣ ጉም ውስጥም ጓደኞቻችሁ በቀላሉ ያገኟችኋል።