የጎጃምን ቤት በትንሹ ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ትንሽ የአሻንጉሊት ቤት ሠርቶ በውስጡ ምድጃውን፣ ጎታውን፣ መሶቡንና ጀበናውን በየቦታው ማደራጀት ትዕግሥትን የሚጠይቅ፣ ግን እጅግ የሚያረካ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ጎጃም ውስጥ ለሚኖር ሰው ቁሳቁሱ ሩቅ አይደለም፤ ከእንጅባራ አካባቢ ቀርከሃ፣ ከጣና ዳር ደንገል፣ ከየገበያው ቃጫና ጥጥ፣ ከየወንዙ ዳር የሸክላ አፈር ይገኛል። ብዙዎቹ ሥራዎች የሚበላሹት ታዲያ በቁሳቁስ እጦት ወይም በእጅ ድክመት ሳይሆን፣ ሠሪው ቤቱን ሲያሳንስ አንዱን ነገር አሳንሶ ሌላውን እንዳለ ስለሚተወው ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ አንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው።

የመጀመሪያው ስህተት ስኬል ሳይወስኑ ሥራ መጀመር ነው። በአሻንጉሊት ቤት ሥራ በብዛት የሚታወቀው ስኬል 1፡12 ነው፤ በእውነተኛው ቤት 12 ሴንቲ ሜትር የሆነው በትንሹ ቤት 1 ሴንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ይህ ስኬል የተለመደው በእንግሊዞች መለኪያ አንድ ጫማ 12 ኢንች ስለሆነና አንዱን ጫማ በአንድ ኢንች መተካት ለሠሪው ስለሚቀል ነው። ቦታ ለጠበበው ሰው 1፡24 እና 1፡48 አሉ፤ ከዚያም ወርደው በ1፡144 የሚሠሩ አሉ፤ ይህ በ1፡12 በተሠራ ቤት ውስጥ ለሚቀመጥ የአሻንጉሊት ቤት የሚሆነው ልክ ነው። የቱንም ይምረጡ፣ ከመረጡ በኋላ ግን አይቀላቅሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1921 እስከ 1924 በአርክቴክቱ ኤድዊን ሉትየንስ ንድፍ ለእንግሊዟ ንግሥት ሜሪ የተሠራው፣ ዛሬም በዊንዘር ቤተ መንግሥት የሚታየው የአሻንጉሊት ቤት ውሃ በቧንቧ የሚፈስበትና የኤሌክትሪክ መብራት ያለው ነው። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የማደንቀው ያ ሁሉ ዕቃ በ1፡12 ታስቦ መሠራቱን ነው። ዓይን አንዲት ትልቅ ሲኒ ካገኘች የቀረውን ቤት ሁሉ መጠራጠር ትጀምራለችና።

ከዚህ ጋር የተያያዘው ሁለተኛው ስህተት በግምት መሥራት ነው። ያደግንበትን ቤት በደንብ የምናውቀው ይመስለናል፤ ቁመቱን በእጃችን አሳዩ ብንባል ግን ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። ስለዚህ ሜትር ይዘው፣ ባለቤቶቹን አስፈቅደው፣ አንድ እውነተኛ ቤት ይለኩ። ስፋቱ 6 ሜትር የሆነ ክብ የሣር ቤት በ1፡12 ሲሠራ 50 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ይህ ለአንድ ጠረጴዛ ብዙ ነው፣ በ1፡24 ግን 25 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሚወስድ ለጀማሪ ይስማማል። ቁመቱ 2 ሜትር ከ40 የሆነ ግድግዳ በ1፡12 20 ሴንቲ ሜትር፣ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ምጣድ 5 ሴንቲ ሜትር፣ 36 ሴንቲ ሜትር የሆነ በርጩማ 3 ሴንቲ ሜትር፣ 6 ሴንቲ ሜትር የሆነች ሲኒ ደግሞ 5 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። እነዚህን ቁጥሮች በአንድ ደብተር ላይ በሁለት ዓምድ፣ እውነተኛውን በግራ ትንሹን በቀኝ አድርገው ይጻፉ። ሲለኩም ቁመትና ስፋት ብቻ አይመዝግቡ፤ የቱ ዕቃ ከየትኛው አጠገብ እንደሚቀመጥ ይጠይቁ። ደጀን አካባቢ ቤታቸውን ያስለኩኝ አንዲት እናት ጎታው ከግድግዳው ራቅ ብሎ የቆመበትን ምክንያት ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ጎታ ከግድግዳ ጋር አይለጠፍም፤ አይጥ ይወልድበታል» አሉኝ። እንዲህ ያለውን ዕውቀት ከፎቶግራፍ ማግኘት አይቻልም፤ በትንሹ ቤት ውስጥ ግን ያቺ ጣት የምታህል ክፍተት ትልቅ ዋጋ አላት።

ሦስተኛው የሥራ ቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ክብ ቤት ግድግዳው ቆሞ ጣሪያው ከተከደነ በኋላ እጅ አይገባበትም፤ ተመልካችም ከበሩ በስተቀር የሚያይበት የለውም። ከመነሻው ወይ ጣሪያው እንዳለ ተነሥቶ የሚቀመጥ፣ ወይ ከግድግዳው ሲሶው ተቆርጦ የሚወጣ እንዲሆን አድርገው ያቅዱ። የእኔ ምርጫ የሚነሣው ጣሪያ ነው፤ ምክንያቱም ከላይ ሲታይ ምሰሶው፣ መደቡና ምድጃው በክቡ ውስጥ እንዴት እንደተደላደሉ አንድ ላይ ስለሚታይ የቤቱን አኗኗር በሙሉ ያሳያል። በዚህ ጊዜ ምሰሶው ከወለሉ ጋር ይጣበቅ፣ ከጣሪያው ጋር ግን አይጣበቅ። ወለሉን፣ መደቡንና የግድግዳውን የውስጥ ልስን የቤት ዕቃው ከመግባቱ በፊት ይጨርሱ።

ግድግዳውን በተመለከተ ካርቶን የሚጠቀሙ ሰዎች አንድ የተለመደ ጥፋት ያጠፋሉ፤ ውጭውን ብቻ ኮላና ጭቃ ቀብተው ሲያድር ግድግዳው ጎብጦ ያገኙታል። እርጥበት የነካው ወገን መጀመሪያ ያብጣል፣ ሲደርቅ ደግሞ ወደራሱ ይሰበሰባልና፣ ሁለቱም ወገን በተመሳሳይ ጊዜ መቀባት አለበት። ለክብ ቤት ካርቶኑ ሲቆረጥ በውስጡ ያሉት መስመሮች ከላይ ወደ ታች እንዲቆሙ ይደረግ፤ ያኔ ሳይሰበር ይታጠፋል። ጭቃው በጣም በደቀቀ ወንፊት የተነፋ አፈርና በመቀስ የደቀቀ ቃጫ፣ ከጥቂት ኮላ ጋር ይሁን። በአንድ ጊዜ ወፍራም አድርጎ መለሰን ያሰነጥቀዋል፤ 1 ሚሊ ሜትር የሆነች ስንጥቅ ደግሞ በ1፡12 ቤት ላይ 12 ሚሊ ሜትር ሆና ነው የምትነበበው። ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ በስሱ እየለሰኑ በጥላ ያድርቁት።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበትና እኔም ረዘም አድርጌ ልናገርበት የምፈልገው የሣር ክዳኑ ነው። ጀማሪው እውነተኛ ቤት በእውነተኛ ሣር ስለሚከደን ትንሹንም በዚያው ሣር ወይም በጤፍ ጭድ ይከድነዋል። ውጤቱ ሻካራና ትልልቅ አገዳ የተቆለለበት ጣሪያ ነው። የጭዱ አገዳ ውፍረት 1 ሚሊ ሜትር ቢሆን በ1፡12 ላይ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ነገር ሆኖ ይታያል፤ የጎጃም ቤት እንዲህ ባለ ወፍራም ሣር አይከደንም። 3 ሚሊ ሜትር የሆነ የክዳን ሣር በትክክል ሲቀንስ ሩብ ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ለዚህ የሚቀርበው ደግሞ ቃጫ ነው። ገመድ የሚገመድበትን ቃጫ ፈትተው፣ በጥርሱ በጠበበ ማበጠሪያ አበጥረው፣ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል እየቆረጡ በትንንሹ ጠቅልለው በነጭ ክር ወገቡን ይሰሩ። ከዚያ ከታች ከጣሪያው ጠርዝ ጀምረው ወደ ላይ እየተደራረቡ ይለጥፉ፤ የላይኛው ረድፍ የታችኛውን ማሰሪያ ክር መሸፈን አለበት፤ በእውነተኛው ቤት ዝናቡ ከላይኛው ወደ ታችኛው እየተንሸራተተ የሚወርደው በዚሁ ሥርዓት ነውና። አዲስ ቃጫ ነጣ ብሎ የሚያብረቀርቅ ስለሆነ፣ ከመለጠፉ በፊት በደመቀ ሻይ ነክሮ ማድረቅ ዝናብ የመታው ሣር ያስመስለዋል። ጫፉ ላይ ጉልላቱን ያድርጉ፤ ጠርዙንም በመቀስ ቀጥ አድርገው አያስተካክሉት።

ይኸው የእውነተኛ ቁስ ወጥመድ በእንጨትም አለ። ዋንዛ ለትልቅ በርና ለአልጋ ድንቅ ነው፤ በትንሹ ግን ቀዳዳዎቹና መስመሮቹ ከዕቃው ስፋት ጋር ሲተያዩ ገዝፈው ይታያሉ። መስመሩ የደቀቀውን ጽድ ወይም ወይራ ይምረጡ፤ ለቀጫጭኑ እግርና ማገር ደግሞ ስቴኪኒ ይበቃል።

የሸክላ ዕቃ ሲሠራ የሚረሳው ነገር አፈሩ የሚኮማተር መሆኑ ነው። በልኩ የተሠራች ጀበና ስትደርቅና ስትተኮስ ከልኳ ታንሳለች፤ የምታንስበት መጠንም እንደ አፈሩ ይለያያል። ስለዚህ አስቀድመው ከሚጠቀሙበት አፈር አንድ ቁራጭ አድቦልቡለው፣ ላዩ ላይ ልክ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ መስመር ጭረው ያድርቁት፣ ይተኩሱት። መስመሩ 9 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ከተገኘ አፈርዎ በመቶ 10 ይኮማተራል፤ 2 ሴንቲ ሜትር እንድትሆን የሚፈልጉትን ጀበና በርጥቡ 2.2 ሴንቲ ሜትር አድርገው ይሠሯታል ማለት ነው። አንገቷን በመርፌ ክፍት ያድርጉ፤ በደንብ ሳትደርቅ እሳት ውስጥ ከገባች በውስጧ የቀረው እርጥበት እንፋሎት ሆኖ ይሰነጥቃታል። በምድጃ ዳር ቀስ ብላ ከሞቀች በኋላ በፍም ውስጥ ትቀበር።

ጨርቅ ላይ ያለው ስህተት ምክንያቱ ካልታወቀ የሚያናድድ ነው። አንድ ዕቃ በየአቅጣጫው 12 ጊዜ ሲያንስ የገጹ ስፋት 144 ጊዜ፣ ክብደቱ ደግሞ 1728 ጊዜ ይቀንሳል፤ ጨርቁ ግን ያው ጨርቅ ስለሆነ የክሩ ጥንካሬና ውፍረት አይቀንስም። ስለዚህ ከጋቢ የተቆረጠ ትንሽ ጋቢ በአልጋው ላይ እንደ ሰሌዳ ተገትሮ ይቀራል፤ ወደ ታች የሚስበው ክብደት የለውምና። ታጥቦ ታጥቦ የሳሳ ነጠላ ወይም የሐኪም ቤት ፋሻ ይውሰዱ፣ በውሃ በቀጠነ ኮላ ነክረው አልጋው ላይ እጥፋቱን በእጅዎ ያስይዙ፣ በስፒል ወግተው እስኪደርቅ ይተዉት። ጥለቱን በጥልፍ ክር አንድ ነጠላ ዘር ብቻ ይስፉት።

መሶብንም በስንደዶ ለመስፋት መሞከር አይመከርም፤ ለ5 ሴንቲ ሜትር መሶብ ስንደዶው ራሱ ወፍራም ነው። ወፍራም የጥጥ ክር ውስጡ፣ ቀለም ያለው የስፌት ክር ላዩ ሆኖ፣ እንደ ትልቁ መሶብ ከመሐል ወደ ውጭ እየዞሩ መስፋት ይቻላል፤ በዚህ መንገድ የተሠራ መሶብ ከእውነተኛው ለመለየት የሚያስቸግር ይሆናል።

መብራት ማስገባት ከፈለጉ የግድግዳውን 220 ቮልት ወደ ቤቱ አያስጠጉ፤ በሳርና በካርቶን ላይ የሚደረግ ድፍረት አይደለም። በ3 ቮልት የሰዓት ባትሪ የሚበራ ትንሽ የኤልኢዲ አምፖል ከጉልቻው ሥር ቢደበቅ ለአንድ ምድጃ በቂ ነው፤ ሽቦው ወለሉ ከመለሰኑ በፊት መዘርጋት አለበት።

አብዛኞቹ ጀማሪዎች ሥራው ካለቀ በኋላ ቤቱን አዲስ አድርገው ይተዉታል፤ ይህም ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። ሰው የኖረበት የሣር ቤት ውስጡ ጭስ ጠጥቷል፤ ከምድጃው በላይ ያለው ወራጅ ጠቁሯል፣ የመደቡ ጠርዝ ከመቀመጥ ብዛት ለስልሷል፣ የበሩ መቃን በእጅ ቁመት ላይ ወዝቷል። የደቀቀ ከሰል በደረቅ ብሩሽ አንሥተው ከምድጃው በላይ ብቻ፣ ወደ ጉልላቱ እየሳሳ እንዲሄድ አድርገው ያሻሹት። ሁሉንም ቦታ እኩል ማጥቆር ግን ቆሻሻ እንጂ ኑሮ አያሳይም። የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽም ይቅርብዎ፤ የማያንጸባርቀውን ይጠቀሙ።

በመጨረሻ ክረምቱን አይርሱ። በጎጃም በሐምሌና በነሐሴ ኮላ ቶሎ አይደርቅም፣ ጭቃ ሻጋታ ያወጣል፣ እንጨትም ያብጣል፤ ልስንና ማጣበቅ በበጋ ቢሠራ፣ ክረምቱ ለስፌትና ለሸክላ ማድቦልቦል ቢተርፍ ይሻላል። ቀርከሃ በውስጡ ያለው ስታርች ነቀዝ ስለሚስብ ከመሥራትዎ በፊት ጥቂት ሳምንት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ውሃውን እየለወጡ ቆይተው፣ በጥላ ያድርቁት። ጎታው ውስጥ ለማስመሰል እውነተኛ እህል የሚጨምሩ ሰዎች ነቀዙንም አይጡንም እየጋበዙ ነው፤ የተነፋ አሸዋ በቢጫ ቀለም ቢለወስ ጤፍ ይመስላል። የተጠናቀቀውን ቤት ቀለም እንዳይለቅ ከፀሐይ፣ ምስጥ እንዳይነካው ከወለል አርቀው ያስቀምጡት፤ አቧራ እንዳይገባበትም በላስቲክ ጥብቅ አድርገው ከማሰር ይልቅ፣ እርጥበት በውስጡ እንዳይታፈን በስስ ጨርቅ ይሸፍኑት።