የጥቁሮች ታሪክ ወርን በሠራተኛ ማኅበር ስናከብር የምንሠራቸው ስህተቶች

እዚህ ዋሽንግተን ውስጥ በሆቴልና በመኪና ማቆሚያ ለምትሠሩ የማኅበር አባላት ነው የምጽፈው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሚብሰው ስህተት ማርቲን ሉተር ኪንግን ከሠራተኛው ነጥሎ ማክበር ነው። የጥቁሮች ታሪክ የሚታሰብበት ወር፣ ፌብሩዋሪ፣ ሲገባ ፎቶግራፉ ይሰቀላል፣ ኬክ ይቆረሳል፣ አንድ ሰው ተነሥቶ ስለ ሕልሙ ይናገራል፣ ከዚያ ሁሉም ወደ ፈረቃው ይበተናል። ባለፈው አንድ ወጣት አባል «ኪንግ እኮ ሰባኪ እንጂ የማኅበር ሰው አልነበረም» አለኝ። ታዲያ ቴነሲ ግዛት፣ ሜምፊስ ከተማ ውስጥ ሲገደል እዚያ ምን ሊሠራ ሄዶ ነበር? ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1968 ኤኮል ኮልና ሮበርት ዎከር የተባሉ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ከዝናብ ለመጠለል ያረጀ የቆሻሻ መኪና ውስጥ ገቡ፤ መጭመቂያው ሳይታሰብ ተነሥቶ ገደላቸው። ከቀናት በኋላ ወደ 1,300 የሚሆኑ ጥቁር ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። «እኔ ሰው ነኝ» የሚለው ጽሑፍ ያኔ ነው በየአንገቱ የተንጠለጠለው። ከንቲባው አጥብቆ እንቢ ያለው ለማኅበሩ እውቅና መስጠትንና የማኅበሩ መዋጮ ከደመወዝ እንዲቆረጥ መፍቀድን ነበር። አዎ፣ የክፍያ ወረቀታችሁ ላይ ባያችሁት ቁጥር የምታጉረመርሙባት ያችው መዋጮ! ኪንግ ለዚህ ጥያቄ ሊቆም ሄዶ ኤፕሪል 4 ተገደለ። ከተማዋ ከማኅበሩ ጋር የተስማማችው ከ12 ቀን በኋላ ነው። የ1963ቱ ታላቅ የዋሽንግተን ሰልፍም ቢሆን ስሙ «ለሥራና ለነፃነት» ነበር፤ ከጥያቄዎቹም አንዱ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 2 ዶላር እንዲሆን ነው። ይህን የማይናገር ተናጋሪ ባይጋበዝ ይሻላል።

ሁለተኛው ስህተት ማኅበራት ሁልጊዜ ከጥቁሮች ጎን እንደ ነበሩ አድርጎ ማውራት ነው። አልነበሩም። ብዙ የባቡር ሠራተኞች ማኅበራት በመተዳደሪያ ደንባቸው ከነጭ በቀር አባል አይቀበሉም ነበር። ጥቁሩ የማኅበር መሪ ኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍ የመኝታ ባቡር አስተናጋጆችን በ1925 ሲያደራጅ ከቀጣሪያቸው ከፑልማን ኩባንያ ጋር የኅብረት ስምምነት (ማኅበሩና ቀጣሪው የሚፈራረሙት የሥራ ውል) እስኪፈረም 12 ዓመት ፈጅቶበታል። ያንን የ1963 ሰልፍ የመራው እሱ ሆኖ ሳለ የአገሪቱ የማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ድጋፍ ነፍጎታል። መሪዎቻችን ይህ ሲነሣ ፊታቸው ይለዋወጣል፤ ይለዋወጥ። የራንዶልፍ ሐውልት እዚሁ ዋሽንግተን፣ ዩኒየን ስቴሽን ባቡር ጣቢያ ውስጥ ቆሟል፤ ባቡር ስትጠብቁ ፈልጉት።

«እኛ በባርነት አልተሸጥንም፣ በቅኝም አልተገዛንም፣ ይህ የእነሱ ታሪክ ነው» የሚለው ደግሞ የእኛው የአበሾች ስህተት ነው፤ ስሰማው ያመኛል። ጣልያን በ1935 ሲወርረን በኒውዮርክ የጥቁሮች ሠፈር በሃርለም ውስጥ ለኢትዮጵያ ሰልፍ የወጡት እነማን ነበሩ? ጥቁር አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰን አውሮፕላን ሊያበርልን አዲስ አበባ ድረስ መጥቷል። ሐኪሙ መላኩ በያን የተማረው እዚሁ ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በ1937 ኒውዮርክ ውስጥ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን ሲመሠርት አብረውት የቆሙት ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ብዙዎቻችን ወደዚህ የመጣንበትን በር የከፈተው የ1965 የስደተኞች ሕግም የወጣው የጥቁሮች የመብት ትግል በጋለበት ወቅት ነው። ይህን ታሪክ የማስታወስ ልማድ በ1926 የጀመረው ጥቁሩ የታሪክ ምሁር ካርተር ውድሰን ራሱ በወጣትነቱ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ነበር። ቤቱ እዚሁ ዋሽንግተን በ9ኛው ጎዳና ላይ ነው፤ ክትፎ ልንበላ ከምንሄድባቸው ምግብ ቤቶች ተነሥቶ በእግር ይደረሳል።

ዝግጅቱን በሙሉ ለአንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ባልደረባ አሸክሞ ቁጭ ማለትም ይቅር። ታሪኩ የእሷ ነው ተብሎ ወንበር መደርደሩም የእሷ ይሁን?

ስብሰባውን ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ማድረግ የማታ ፈረቃን ማስቀረት ነው። ሁለት ጊዜ አድርጉት።

ሴቶችን መርሳትም አለ፤ በተለይ ክፍል አጽጂዎችን። ከአላባማ የመጣችው ሃቲ ካንቲ በላስ ቬጋስ ሆቴሎች ውስጥ አልጋ ስታነጥፍ የኖረች ሴት ናት። በ1990 የከተማዋ የሆቴልና ምግብ ቤት ሠራተኞች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆና ተመረጠች። በሚቀጥለው ዓመት በፍሮንቲየር ሆቴል የተጀመረው አድማ ከስድስት ዓመት በላይ ቆይቶ በድል አለቀ። ዛሬ ላስ ቬጋስ ውስጥ ብዙ አበሾች በሆቴል ይሠራሉ፤ ስሟን ጠይቋቸውና መልሱን ስሙት።

የመጨረሻው፣ ወሩን አክብሮ የኅብረት ስምምነቱን አለማንበብ ነው። የኪንግ ልደት የፌዴራል በዓል የሆነው በ1983 በወጣ ሕግ ነው፤ አንዳንድ ማኅበራት ግን ከዚያ አስቀድመው ተደራድረው በስምምነታቸው ውስጥ አስገብተውት ነበር። የግል ቀጣሪ ዛሬም ቀኑን በክፍያ እንዲሰጥ ሕጉ አያስገድደውም። የእናንተ ስምምነት የበዓላት አንቀጽ ውስጥ መኖሩን ተመልከቱ። ከሌለ ለሚቀጥለው ድርድር በጥያቄዎቹ ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ በሥራ ቦታችሁ ላለው የማኅበሩ ተጠሪ አሁኑኑ በጽሑፍ ስጡት።