በውሃ ስናቀዘቅዝ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ቆላ የኖረ ሰው በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ጀሪካን ያውቃል። ውስጡ ያለው ውሃ የሚቀዘቅዘው ጆንያው ስለራሰ አይደለም፤ ከጆንያው ላይ ውሃ ስለሚተን ነው። 1 ኪሎ ውሃ ሲተን 2,400 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል።

የመጀመሪያው ስህተት የራሴ ነው። ጆንያው ቶሎ እንዳይደርቅ ብዬ ላስቲክ ደረብኩበት። ማታ ስፈታው ጆንያው እንደራሰ፣ ውሃው ደግሞ ለብ እንዳለ አገኘሁት። ለካ መድረቁ ነው ሥራው! ጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አስቀምጡት፤ ሲደርቅ መልሳችሁ አርሱት። እንስራም ያው ነው፦ እንዲያምር የዘይት ቀለም ከቀቡት አያልበውም፣ ስለማያልበውም አያቀዘቅዝም።

በውሃ የሚሠራውን ኤር ኩለር ገዝቶ እንደ ኤሲ መስኮት የሚዘጋም ብዙ ነው። መጀመሪያ ደስ ይላል፤ ቆይቶ ግን የተነነው ውሃ መውጫ ያጣና ቤቱ ወበቅ ይሆናል። ከማሽኑ ትይዩ ያለውን መስኮት ገርበብ አድርጉት።

ኩለሩ ውሃ ውስጥ በረዶ መጨመርስ? 1 ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ የሚወስደው ሙቀት 334 ኪሎጁል ነው፤ ያው ውሃ ሲተን ከሚወስደው ሰባት እጅ ያንሳል። ደግሞ በረዶውን ለመሥራት ፍሪጁ ከጀርባው ቤቱን ሲያሞቅ ነው የሚውለው።

ሌላው ቦታን አለማየት ነው። ሪያድ ላይ «የበረሃ ማቀዝቀዣ» የሚሉት ይኸው ዕቃ ጂዳ ሲሄድ ይለግማል፤ ባሕሩ አየሩን አርጥቦታልና። አየሩ 35 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 20 በመቶ ከሆነ፣ ትነት እስከ 19 ዲግሪ ገደማ ሊያወርደው ይችላል። እርጥበቱ 80 በመቶ ከሆነ ግን 32 ላይ ይቆማል። ማሽኑን አትውቀሱት።

ፋብሪካ ውስጥ ካለው ማቀዝቀዣ ማማ (የጋለ ውሃ በትነት ከሚበርድበት ግንብ) የሚወጣው ነጭ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ጭስ ሳይሆን የውሃ ጉም ነው። እዚያ ስህተቱ የተነነውን ብቻ እየሞሉ መቀጠል ነው፦ ውሃው ሲሄድ ጨዉ ይቀራል፣ እንደ ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይይዛል። ስለዚህ ከውሃው የተወሰነውን በየጊዜው ማፍሰስ ግድ ነው። ንጽሕናውም እንዲሁ። በእንዲህ ያለ ለብ ያለ ውሃ የሚራባው ሌጂዮኔላ የተባለ ባክቴሪያ የታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ፊላደልፊያ በአንድ ሆቴል የተሰበሰቡ እንግዶች በሳንባ ምች ከታመሙ በኋላ ነው። የቤታችሁም ኤር ኩለር ሥራ ሲፈታ ውሃውን ድፉት፣ አድርቁት።