ድምፁ ይሰማ፣ ዕቃው አይታይ፦ በድሮ መኪና ሙዚቃ ስታስገቡ የሚሠሩ ስህተቶች

ሐረር ፈረስ መጋላ ቆማችሁ ትንሽ ብትጠብቁ አንድ ፔጆ 404 ማለፏ አይቀርም። ፈረንሳዮቹ የቤት መኪናዋን ያመረቷት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1975 ነው። ሐረር ግን ታክሲ አድርጋ ይዛት ቀረች። ባጃጅ መጥቶ ገበያውን ከተሻማት ወዲህ ቁጥሯ ሳስቷል። የተረፉትን ባለቤቶቻቸው እንደ ልጅ ነው የሚንከባከቧቸው።

እኔም አንድ አለችኝ፣ ከአጎቴ ያገኘኋት። ቁልፉን ሲሰጠኝ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለኝ፦ "እንዳትበሳት።" ቴፕ ለማስገባት ብለው ክሩስኮታቸውን (ዳሽቦርዳቸውን) በመጋዝ ያስቆረጡ ብዙ ሰዎች አይቷል። እኔ ደግሞ ያለ ሙዚቃ ድሬ ድረስ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት አይሆንልኝም። ስለዚህ ሦስት ነገር ባንዴ ፈለግኩ። ድምፁ ጥሩ ይሁን። ዕቃው አይታይ። ነገ ሲነቀል መኪናዋ ላይ ጠባሳ አይተው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሦስተኛዋን ሲረሳ ነው። እኔም ረስቻት አውቃለሁ።

የካርቶኑን ዋት ማመን

ድሬዳዋ ታይዋን የሚባለው ገበያ ገብታችሁ አምፕሊፋየር (ባጭሩ አምፕ፣ ድምፅ የሚያጎላው ዕቃ) ብትጠይቁ፣ መዳፍ የሚያክል ሆኖ ካርቶኑ ላይ "1000 ዋት" የተጻፈበት ዕቃ ሊቀርብላችሁ ይችላል። አትቸኩሉ። ገልብጡትና ፊውዙን እዩ። 10 አምፔር ይላል እንበል። ሞተር ሲሠራ ባትሪው ላይ 13.8 ቮልት ገደማ አለ። 10 በ13.8 ሲባዛ 138 ዋት ነው። ዕቃው ከባትሪ የሚወስደው ከዚህ ብዙም አይበልጥም። ከወሰደውም ላይ የተወሰነው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ታዲያ 1000ው ከየት መጣ? ከማተሚያ ቤት።

መጠየቅ ያለባችሁ "አር.ኤም.ኤስ. ስንት ነው?" ብላችሁ ነው። ያለማቋረጥ የሚሰጠው ጉልበት እሱ ነው። ለድሮ መኪና አራት ስፒከር፣ ለእያንዳንዱ ከ40 እስከ 50 ዋት አር.ኤም.ኤስ. ከደረሰው ጎረቤት ይቀሰቅሳል።

የመኪናዋን አቅም ሳያውቁ መጀመር

ያቺ መኪና ስትሠራ የታሰበላት መብራት፣ ዝናብ መጥረጊያና ቢበዛ አንዲት ትንሽ ሬዲዮ ነው። የድሮ ዲናሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 አምፔር ቢሰጥ ነው፣ እሱም ሞተሩ ዞር ዞር ሲል። በቀስታ ሲሠራ ምንም አይሰጥም ማለት ይቻላል። አሁን አስሉት። የፊት መብራት ሁለቱ ብቻ 7 አምፔር ገደማ ይበላሉ። አራቱ ስፒከሮች በሙሉ ድምፅ ሲጮሁ፣ ቆጣቢ የሚባለው የክላስ ዲ አምፕ እንኳን 18 አምፔር አካባቢ ይስባል። የሐረር ሰው ማታ ከድሬ የደንገጎን ዳገት እየወጣ ከሆነ ጉድለቱን ባትሪው ይሸፍናል። ጠዋት መኪናው አልነሣም ይላል። ስለዚህ ክላስ ዲ ግዙ፣ ድምፁንም በልክ አድርጉት።

ከዚህ የሚብስ ስህተት አለ። ቮልስ ያላችሁ ቮልቱን ሳትለኩ ምንም እንዳታገናኙ። እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት ቮልሶች 6 ቮልት ናቸው፣ ዛሬ የሚሸጠው ዕቃ ሁሉ 12 ነው። የድሮ ላንድሮቨርና ሌሎች የእንግሊዝ መኪኖች ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው። ከቦዲው ጋር የታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። የዘመኑ ቴፕ የብረት ሽፋኑ ኔጌቲቭ ነው። እንዲህ ያለ መኪና ላይ በብሎን ስታስሩት ያው ሾርት ነው። ኮፈኑን ክፈቱና ወደ ቦዲው የሚሄደው ወፍራም ገመድ ከየትኛው ምሰሶ እንደሚነሣ እዩ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ቁልፍ ከፍቶ፣ ሞተር አጥፍቶ መዝፈን

ይቺ የራሴ ናት። ቴፑን ያስገባልኝ ልጅ ቀይ ሽቦውን ከሞተር ማስነሻው ቁልፍ መስመር ላይ ጠለፈው። እኔም ጥሩ ነው አልኩ፣ ቁልፍ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። አንድ ቀን ድሬ ከዚራ፣ ዛፎቹ ጥላ ስር አቁሜ ጓደኛዬ ከሥራ እስኪወጣ ጠበቅኩ። ሞተሩን አጠፋሁ፣ ቁልፉን መልሼ ከፈትኩ፣ ሙዚቃ ለቀቅኩ። አንድ ሰዓት ገደማ ሆነ። ከዚያ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ኮፈን ስከፍት ኮይሉ፣ ለካንዴላ እሳት የሚያመነጨው ዕቃ፣ እጅ አያስነካም። ጓደኛዬ ደርሶ "አቦ፣ በዘፈን ነው እንዴ መኪና የሚቃጠለው?" ብሎ ሳቀብኝ። ወደ ሐረር የተመለስኩት በሚኒባስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በድሮ መኪና ለካንዴላ የሚሄደውን እሳት የሚያቋርጡ የሚያገናኙ ሁለት ጥቃቅን የብረት ምላሶች አሉ። ሞተር ሲቆም ምላሶቹ ተገናኝተው ከቀሩ፣ ቁልፉም ክፍት ከሆነ፣ ኮይሉ ውስጥ ያለማቋረጥ ኤሌክትሪክ ይፈሳል። ይግላል፣ ይግላል፣ ከዚያ ይሞታል። ብዙዎቹ የድሮ መኪኖች ደግሞ እንደ ዘንድሮዎቹ ለቴፕ ብቻ የሚከፈት የቁልፍ ደረጃ የላቸውም። መፍትሔው ለሙዚቃው የራሱን መስመር ቀጥታ ከባትሪ ማምጣት ነው፣ ፊውዝና ሪሌ (በትንሽ ማብሪያ የሚታዘዝ የኤሌክትሪክ መክፈቻና መዝጊያ) አስገብቶ። ሪሌዋን የምታዝ ትንሽ ማብሪያ ወንበር ስር ትደበቃለች። እኔ አሁን ቀኝ እጄን ዝቅ ሳደርግ አገኛታለሁ፣ ሌላ ሰው ግን አያያትም። ማጥፋት ከረሳችሁ ባትሪ ይወርዳል፣ ያንን አልክድም። የወረደ ባትሪ ግን በግፊ ይነሣል።

መዳብ መስሎ የሚሸጥ ገመድ

ወፍራምና የሚያብረቀርቅ ገመድ ከአንድ ሱቅ በርካሽ ገዛሁ። ቤት ገብቼ ጫፉን ላጥኩና አንዷን ክር በቢላ ፋቅ ፋቅ አደረግኳት። ከቀዩ ስር ብር የመሰለ ነጭ ወጣ። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ግን እንደ መዳብ አይደለም፣ ይግላልም። በሚርገበገብ መኪና ውስጥ ደግሞ መጋጠሚያው ላይ ቶሎ ይላላል። እሱን የምትጠቀሙ ከሆነ አንድ ደረጃ ወፍራም ውሰዱ። የምትችሉ ከሆነ ግን ንጹሕ መዳብ፣ 8 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ግዙ።

ዋናውን ፊውዝ ከባትሪው ከ45 ሴንቲ ሜትር ሳታርቁ አስገቡ። አምፑ ላይ ያለው ፊውዝ ገመዱን አያድነውም፣ አምፑን እንጂ። ገመዱ የሞተሩን ግድግዳ ሲያልፍ ድሮ የነበረ ቀዳዳ ፈልጉለት። የመለኪያዎቹ ገመድ የሚያልፍበት አለ። የጎማ ቀለበት ሳታደርጉ ባዶ ብረት ላይ እንዳታሳልፉት፣ ብረቱ በጊዜ ብዛት ይቆርጠዋል። ቮልስ ያላችሁ ባትሪያችሁ ከኋላ ወንበር ስር መሆኑን አትርሱ። የወንበሩ ስፕሪንግ የባትሪውን ምሰሶ ሲነካ እሳት ይነሣል። ክዳን አድርጉለት።

ክሩስኮቱን መቁረጥ

አትቁረጡ። የዘመኑ ቴፕ 18 በ5 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቀዳዳ ይፈልጋል፣ የድሮው ሬዲዮ ደግሞ ሁለት ቀዳዳ ለእጀታ፣ አንድ ጠባብ መስኮት ለቁጥሩ። የተቆረጠ ብረት ተመልሶ አይበቅልም። የመኪናውም ዋጋ አብሮ ይወርዳል።

የድሮውን ሬዲዮ እዚያው ተዉት፣ ባይሠራም። ብሉቱዝ ያለው አምፕ ወንበር ስር ይገባል። ካልሆነ ቴፑን የክሩስኮቱ ኪስ ውስጥ፣ ቀድሞ ባለው ብሎን በሚያዝ ቆርቆሮ አስቀምጡት። ብሉቱዙን ግን አራቱም ጎኑ ብረት በሆነ ቦታ አትቅበሩ። ብረት ሞገዱን ያፍነዋል፣ አንቴናዋን ወደ ጨርቁ ወይም ወደ ፕላስቲኩ አውጧት።

መስታወቱን ሳያወርዱ በር መለካት

ስፒከር ለመግዛት በሩን ይከፍታሉ፣ ስፋቱን ይለካሉ፣ ይገዛሉ። አስገብተው ሲያበቁ መስታወቱ ግማሽ ላይ "ቋ" ብሎ ይቆማል። የስፒከሩ ማግኔት መንገድ ዘግቶበታል። መለካት ያለባችሁ ጥልቀቱን ነው፣ መስታወቱን እስከ መጨረሻ አውርዳችሁ። እኔ የተጠቀምኩት የሕፃናት መጫወቻ ጭቃ ነው። ድብልብል አድርጌ ስፒከሩ በሚገባበት ቦታ ለጠፍኩ፣ መስታወቱን አወረድኩ፣ ጭቃው ሲጨፈለቅ የቀረውን ውፍረት ለካሁ። 4 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነበር። ሱቅ ሄጄ ቀጫጭን ስፒከር ጠየቅኩ፣ አለቀ።

ደግሞ ቀድሞ ቀዳዳ የሌለውን በር ለስፒከር ብላችሁ አትብሱት። ከእግር አጠገብ፣ ከበሩ ፊት ያለው የጎን ግድግዳ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። እዚያ ከኮምፔንሳቶ የተሠራ ትንሽ ሳጥን ይቀመጣል፣ ሲነቀልም ምንም አይተውም። ቀዳዳ ማውጣት የግድ ከሆነ ከብረቱ በስተጀርባ ምን እንዳለ ቀድማችሁ እዩ። የፍሬን ቱቦ አለ፣ የነዳጅ ቱቦ አለ። ቮልስ ላይ ታንኩ ራሱ ከፊት ነው።

ድምፅ በማያሳልፍ ጨርቅ መሸፈን

ስፒከር ሲደበቅ ከላዩ የሚለበሰው ጨርቅ ሙዚቃውን ሊገድለው ይችላል። ቤዝ የትም ቢደበቅ ይሰማል። ከ80 ኸርዝ በታች ያለ ድምፅ ከየት እንደመጣ ጆሯችን አይለይም፣ ስለዚህ የቤዙን ሳጥን ወንበር ስርም ኋላም ብትከቱት ግድ የለም። ቀጭኑ ድምፅ ግን ግትር ነው። ወፍራም ነገር ከፊቱ ካደረጋችሁ እዚያው ይቀራል።

እኔ ያሰፋሁት ሐረር፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪኖቹ ድምፅ ነው። የመኪና ወንበር ሰፍተው ባያውቁም እጃቸው የተፈታ ሽማግሌ አገኘሁ። ከወንበሬ ቀለም ጋር የሚሄድ ጨርቅ ይዤ ቀረብኩ።

"አባባ፣ ይቺ ትሆናለች?"

"ለምንድን ነው?"

"ለስፒከር ክዳን።"

ጨርቁን ተቀበሉኝና አፋቸው ላይ ወጥረው "እፍ" አሉበት። ከዚያ መለሱልኝ።

"ልጄ፣ ትንፋሽ ያላሳለፈ ጨርቅ ዘፈን እንዴት ያሳልፋል?"

ደርዘን ጨርቅ ላይ እፍ አልን። በመጨረሻ ያሳለፈው ሳሳ ያለ ሽርጥ ነው። ቀለሙ ከወንበሬ ጋር ይሄዳል ማለት አልችልም፣ ግን ጥሩ ይመስላል።

ሽቦውን ሁሉ አንድ ላይ መጠቅለል

ለጽዳት ብለው የባትሪውን ገመድና የሙዚቃውን ቀጭን ገመድ ባንድ ፕላስተር ያስራሉ። ከዚያ ነዳጅ ሲረገጥ "ዊይይይ" የሚል ድምፅ አብሮ ይወጣል። አንዱን በግራ፣ ሌላውን በቀኝ አሳልፉ። የአምፑን ኔጌቲቭ አጭር ገመድ፣ ቢበዛ ግማሽ ሜትር፣ አድርጋችሁ ከቦዲው ጋር እሰሩት። ቦታውን ቀድሞ በነበረ ብሎን ምረጡ፣ ቀለሙንና ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አንሡ፣ ካሰራችሁ በኋላ ዝገት እንዳይዘው ግሪስ ቀቡት። "ዊይ" ሳይሆን "ጠ ጠ ጠ" ካላችሁ ደግሞ ጥፋቱ የካንዴላ ገመድ ነው። ባዶ መዳብ የሆነውን ትታችሁ ሬዚስተር ያለውን ቀይሩ።

ሙቀቱን መርሳት

ሐረር ደጋ ቀመስ ናት፣ ትታለላላችሁ። ድሬ ግንቦት ላይ ፀሐይ ላይ ስታቆሙ ነው የሚለየው። ምንጣፍ ስር የተጠቀለለ አምፕ ግሎ ራሱን ያጠፋል። ከስሩና ከላዩ ሁለት ጣት ያህል አየር ተዉለት። ፓወር ባንክ ክሩስኮት ላይ አታስቀምጡ።

ደንገጎን ሳይወጡ "አለቀ" ማለት

ጋራዥ በር ላይ ቆሞ ማዳመጥ ፈተና አይደለም። እኔ ሁሉን ካሰርኩ በኋላ ቁልቁል ድሬ ወርጄ ተመለስኩ። መውጫው ላይ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ ሲጮህ "ዊይ" አለ ወይ? የለም። መብራት ሳበራ ድምፁ ወረደ? አልወረደም። ግን ቤዙ በመታ ቁጥር ከፊት አንድ ነገር "ዝርርር" ይላል። ስፒከሩ የተቀደደ መሰለኝ። ሐረር ገብቼ ካቻቢቴ ይዤ የጎኑን ሳጥን ፈታሁ፣ ደህና ነው። የበሩን ፈታሁ፣ ደህና ነው። በመጨረሻ ዘፈኑን ከፍቼ ክሩስኮቱን በጣቴ እየተጫንኩ ከዳር እስከ ዳር ሄድኩ። የሲጋራ መተርኮሻዋ ላይ ስደርስ ዝም አለ። የአጎቴ አመድ አሁንም ውስጧ ነበር። ከስሯ ቁራጭ ፌልት ለጥፌ መልሼ ዘጋኋት።