በጨለማ ክፍል ኬሚካሎች ሲሠሩ ራስንና ውኃን መጠበቅ

ፊልምና ፎቶ በኬሚካል የሚታጠብበት ጨለማ ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ የገባ ሰው አፍንጫውን የሚቆጠቁጠው የስቶፕ ባዝ (የዴቨሎፐሩን ሥራ የሚያስቆመው ፈሳሽ) አሲድ ስለሆነ አደጋው ሁሉ ከዚያ የሚመጣ ይመስለዋል። ሽታ ግን በዚህ ሥራ ላይ አስተማማኝ ምልክት አይደለም፤ እጅን የሚጎዳው ዴቨሎፐር (ምስሉን የሚያወጣው ፈሳሽ) እምብዛም አይሸትም፣ ውኃን የሚበክለው ያገለገለ ፊክሰርም (ምስሉን የሚያጸናው ፈሳሽ) ጥርት ብሎ ሊታይ ይችላል።

ከዴቨሎፐር እንጀምር። ብዙዎቹ የጥቁርና ነጭ ዴቨሎፐሮች ሃይድሮኪኖንን ከሜቶል ወይም ከፌኒዶን ጋር የያዙ ናቸው። ሜቶል ተንኮለኛ ነው፤ አንድ ሰው ለዓመታት ባዶ እጁን እየነከረ ምንም ሳይሆን ቆይቶ አንድ ቀን ቆዳው ይቀላል፣ ያሳክከዋል፣ ይሰነጣጠቃል፤ ሰውነቱ አንዴ ከተቆጣ በኋላም ጥቂት ጠብታ ብቻ ሕመሙን ይቀሰቅስበታል። ስለዚህ የፎቶ ወረቀቱን በመቆንጠጫ ያገላብጡ፣ የናይትሪል ጓንትም ያድርጉ። ቆዳዎ አስቀድሞ ከተቆጣ በፌኒዶንና በአስኮርቢክ አሲድ የተሠራ ዴቨሎፐር የተሻለ ምርጫ ነው። የቀለም ፊልም ዴቨሎፐሮችም ተመሳሳይ የቆዳ ቁጣ ስለሚያስነሱ ጥንቃቄው አይለይም።

በእኔ ግምት ከሁሉ የከፋው ሰዓት ግን የኬሚካል ዱቄቱ በውኃ የሚበጠበጥበት ነው፤ ብናኙ ሳይታወቅ ወደ ሳንባ ይገባልና። ከተቻለ በፈሳሽ መልክ የተዘጋጀውን ይግዙ። ዱቄት ካልሆነ የማይገኝ ከሆነ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ የብናኝ ጭምብልና የዓይን መከላከያ አድርገው፣ ዱቄቱን ወደ ውኃው ወለል አስጠግተው በዝግታ ያፍስሱ። የተበተነውን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት እንጂ በመጥረጊያ አይጥረጉት።

ስቶፕ ባዝን ለማዘጋጀት አሲዱን ወደ ውኃ ይጨምሩ እንጂ ውኃን ወደ አሲድ አይጨምሩ፤ ያልተበረዘ አሴቲክ አሲድ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። ሽታው ካስቸገረዎ ሲትሪክ አሲድ ይተካዋል። አሲዳማ ፊክሰር ደግሞ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ስለሚለቅ አስም ያለበትን ሰው በእጅጉ ያስቸግረዋል። የክፍሉ አየር በሰዓት ቢያንስ 10 ጊዜ እንዲለወጥ ይመከራል፤ ለምሳሌ 3 ሜትር በ3 ሜትር ሆኖ ከፍታው 2.5 ሜትር ለሆነ ክፍል በሰዓት 225 ሜትር ኩብ አየር የሚያወጣ ማራገቢያ ያስፈልጋል ማለት ነው። ማራገቢያው ከኬሚካል ትሪዎቹ ጀርባ ይሁን፤ ከራስዎ በላይ ከሆነ ግን ትነቱን በፊትዎ በኩል አሳልፎ ይስበዋል።

ፊክሰር ብርሃን ያላገኘውን የብር ጨው ከፊልሙ ወይም ከወረቀቱ ስለሚያሟሟ፣ ካገለገለ በኋላ ብር ተሸክሞ ይቀራል። ነጻ የብር አዮን ለዓሣና ለውኃ ውስጥ ሕይወት መርዝ ነው፤ በታዮሰልፌት (በፊክሰሩ ዋና ንጥረ ነገር) የታሰረው ጉዳቱ በእጅጉ ያነሰ ቢሆንም ወደ ቦይ፣ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ቤት ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ሊፈስ አይገባም። በተለየ ጀሪካን ያጠራቅሙትና ለአደገኛ ቆሻሻ ሰብሳቢ ወይም ብር ለሚያነጥር ድርጅት ያስረክቡት። ይህ እስኪሆን በቀጭን የብረት ክር ቢዘፈዝፉት ብረቱ እየሟሟ ብሩ በቦታው ይቀመጣል፤ የማይዝግ ብረት ግን ለዚህ አይሆንም። የቀረ ብር መኖሩን ለማወቅ ንጹሕ የመዳብ ቁራጭ ይንከሩበት፤ ግራጫ ሽፋን ከያዘ ብሩ ገና አላለቀም። ያገለገለ ዴቨሎፐርና ስቶፕ ባዝ በጥቂት መጠን፣ ከብዙ ውኃ ጋር፣ የአካባቢው ደንብ ከፈቀደ ብቻ ወደ ማጣሪያ ወደሚሄድ የፍሳሽ መስመር ሊለቀቁ ይችላሉ።

በረኪናን ከስቶፕ ባዝም ሆነ ከፊክሰር ጋር አይቀላቅሉ፤ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። የሰልፋይድ ቶነርም (የፎቶውን የቀለም ቃና የሚለውጥ ፈሳሽ) አሲድ ሲነካው መርዛማውን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይለቃል። ዳይክሮሜት የተባለ ኬሚካል ያለበትን የምስል ማንጫ ካንሰር አምጪ ስለሆነ በቤት ውስጥ ባይሞክሩት ይሻላል።

ማንኛውንም ኬሚካል በመጠጥ ጠርሙስ አያስቀምጡ፤ ስሙንና የተበጠበጠበትን ቀን ጽፈው ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ይቆልፉበት። ዓይን ውስጥ ከተረጨ ለ15 ደቂቃ ያህል በንጹሕ ውኃ ሳያቋርጡ ይጠቡና ጠርሙሱን ይዘው ወደ ሐኪም ይሂዱ።